አሥራ ዘጠኝ ፍየል አብርቶ ቡሪምን ያጨለመው የካፕላን ዜና

በጭቃ ሹም ሰልማን ዘመነ ሹመት በስድስተኛው ዓመት፣ የላይኛው ቧንቧ በተበጠሰ በሁለተኛው፣ አውቶቡስ ወደ ሽከምብ መንደር መምጣት በተወ በአራተኛው ዓመት፣ በወርኃ ኅዳር፣ በሰንደቅ ዓላማው በዓል ዕለት፣ ፀሐይ ወደ ማደሪያዋ ልትገባ ጥቂት ሲቀራት፣ ካፕላን የተባለው ቀለም ቀቢ፣ ሥዩመ ናፊዬ፣ ባለ ሁለት መሰላል፣ ጣሪያ የማያዞረው፣ ኖራ የማያቃጥለው፣ ያደረገውን ነገር እንጽፋለን። ናፊዬ ሚስቱ ናት፤ በሽከምብ ሚስቱ ሳትሾመው የተሾመ ሰው የለምና ስሟን በማዕርጉ ላይ አኖርን። የምንጽፈውንም በዓይናችን አይተናል፤ ያላየነውን ደግሞ ካዩት ሰዎች ሦስቱን ለየብቻ ጠይቀን፣ ሁለቱ የተስማሙበትን ወሰድን።

ካፕላን ማለት በቱርኮች ቋንቋ ነብር ማለት ነው። አያቱ ይህን ስም ያወጡለት እንዲፈራ ብለው ነበር። ነገር ግን ነብሩ በሃያ ዓመቱ ድንበር ተሻግሮ ሥራ ፍለጋ ወደ ግሪክ አገር በወረደ ጊዜ፣ የቀለም ሥራ አለቃው ከእግር እስከ ራሱ አይቶት፣ «ካፕላን የሚባል ሰው መኝታ ቤቴን ይቀባልኝ የሚል እዚህ የለም። ከዛሬ ጀምሮ ኮስታ ነህ። በል ኮስታ፣ ባልዲውን አንሣ!» ብሎ አወጀበት። እርሱም ባልዲውን አነሣ፤ ሃያ ሁለት ዓመትም አላስቀመጠውም።

ወእምዝ በነጭ መኪና ወደ አገሩ ተመለሰ። በመኪናዋ ጎን ላይ በግሪክ ፊደል «ኮስታ ቀለም» ተብሎ ተጽፎ ነበርና፣ ሦስት ጊዜ ነጭ ቢቀባበትም ፊደሉ ከሥር እየወጣ ይታይ ነበር፤ ይህም ለቀለም ቀቢ ታላቅ ውርደት ነው። መኪናዪቱም በመጣች በዓመቷ ሞተሯ አርፎ የዶሮ ማደሪያ ሆነች። የሽከምብ ሰዎች ግን ጽሕፈቱን አንብበው ነበር። «ኮስታ! ራኪ ቅዳልን እንጂ!» «ኮስታ፣ ግሪኩ፣ እንዴት አደርክ?» ይሉት ጀመር። እርሱ በዚህ ስም ሲጠሩት ዳግመኛ ላይዞር በእናቱ መቃብር ማለ። አንገቱ ግን ሁልጊዜ መሐላውን ይቀድመው ነበር። በዞረ ቁጥርም ሆዱ ውስጥ አንድ ነገር ይወድቅበት ነበር፤ ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ለናፊዬ ብቻ ነገራት፤ እርሷም ለሁሉ ነገረች።

አሁን ወደ ፍየሎቹ ነገር እንግባ። ታላቁ የጦር አለቃ እስክንድር በይ፣ አክሊለ ብረቱ ባለ ፍየል ራስ፣ ከቱርኮች ሱልጣን ሠራዊት ጋር በተዋጋበት ዘመን፣ ሰው ቢያንሰው በፍየሎች ቀንድ ላይ ሻማ አስሮ በጨለማ ከተራራ ለቀቃቸው፤ የሱልጣኑም ጭፍራ ያን ሁሉ መብራት አይቶ፣ የዓለም ጦር የመጣበት መስሎት፣ ድንኳኑን ጥሎ ሸሸ ይባላል። «በከመ ጽሑፍ» እንዳንል የጻፈው ሰው አልተገኘም። ነገር ግን በዚህ አገር ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም፤ ሻማው ነፋስ ሳያጠፋው እንዴት ከተራራ ወረደ ብሎ የጠየቀ ሽማግሌም የለም። የሽከምብ ሰዎች ፍየሎቹ የሽከምብ ነበሩ ይላሉ። ከወንዙ ማዶ ያሉት የቡሪም ሰዎች ደግሞ የቡሪም ነበሩ፣ የሽከምብ ፍየል ያን ጊዜም እከካም ነበር ይላሉ። በዚህ ነገር ሁለት እጮኛሞች ተለያይተዋል፤ በአንድ ሠርግም ላይ ጥብስ ከነሳህኑ ተወራውሯል።

በዚያው ዓመት ከአውራጃው ደብዳቤ መጣ። ፍየሎቹ በተነሡበት ስፍራ ለአገር ጎብኚ የሚሆን ሰሌዳ ይተከላል፤ ሰሌዳው ባለበትም አውቶቡስ ይቆማል፤ ሦስት መርማሪዎች በሰንደቅ ዓላማው ቀን በሁለቱ መንደሮች መካከል ካለው ድልድይ ላይ ቆመው ማስረጃ ይሰማሉ የሚል ነበር። ሽከምብ ስለ ታሪክ ሲል ተንቀጠቀጠ፤ ስለ አውቶቡሱ ሲል ግን አለቀሰ። ናፊዬ ጉልበቷን ታማ ሐኪም ቤት በምትሄድበት ቀን አራት ኪሎ ሜትር ቁልቁል በእግሯ ትወርድ ነበርና፤ ስትመለስም ያው አራቱ ዳገት ሆኖ ይጠብቃት ነበርና።

ጭቃ ሹም ሰልማን ሕዝቡን በትምህርት ቤቱ ሰበሰበ። በዚያም የታሪክ መምህሯ ቫልቦና፣ እውነት ከመናገር በቀር ሌላ ክፉ ጠባይ የሌለባት፣ ተነሥታ እንዲህ አለች፦

«ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ግን ሰነድ የለም። በዘመኑ ከነበሩት ሰዎች ስለ ፍየሎቹ አንድ መስመር የጻፈ የለም። ደግሞ ፍየልን እናንተም ታውቋታላችሁ። ቀንዷ ላይ መብራት ብታስሩባት ዛፍ ላይ ታሽዋለች እንጂ ተሰልፋ አትዘምትም!»

ጭቃ ሹሙም ጠረጴዛውን መትቶ፣ «መምህርት፣ እኛ የምንፈልገው ሰሌዳ ነው፤ ሰነድ ማን ጠየቀሽ?» ብሎ አወጀ።

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው፣ «ግሪኩን ጠይቁት እንጂ! ኮስታ፣ በእናንተ አገር ፍየል በምንድነው የሚበራው?» ቢል ጉባኤው ሁሉ ሳቀ። ካፕላንም ዞረ። በዞረም ጊዜ ሆዱ ውስጥ የሚወድቀው ነገር ወደቀ፤ በዚህ ቀን ግን ወድቆ አልቀረም፤ ተመልሶ ወደ ጉሮሮው ወጣ።

«ስሜ ካፕላን ነው» አለ ተነሥቶ። «ፍየሎቹን እኔ አበራቸዋለሁ። በበዓሉ ቀን ከተራራው እስከ ድልድዩ አወርዳቸዋለሁ። ያኔ ይቻላል አይቻልም የሚለውን በዓይናችሁ ታያላችሁ።»

ይህን ብሎ ሲቀመጥ ያለውን ነገር ራሱ ሰምቶ ደነገጠ።

ፍየሎቹ የእርሱ አልነበሩምና ጉዳዩ ወደ ናፊዬ ዙፋን ቀረበ። ዙፋኗም በኩሽና በር ላይ ያለው ባለ ሦስት እግር ዱካ ነው። ሰምታ፣ ባቄላዋን ፈልፍላ ከጨረሰች በኋላ እንዲህ ብላ አዋጅ አወጣች፦ «ሻማ የሚባል ነገር በረቴ አይገባም፤ ጸጉራቸው ቢነድስ? ከገበያ የግንባር ባትሪ አምጣ፤ ላስቲኩ ሰፋ ያለውን። አንዷ ፍየል ብታነክስ አንተም በረት ነው የምታድረው። ደሞ ሹራብህን ሳትለብስ እንዳትወጣ፤ ላይ ላዩን ይበርዳል።»

ሠራዊቱም ተከተተ። የጭፍሮቹ ስም ይህ ነው፦ ፊታውራሪው አውራ ፍየል ሱልጣን፣ ጺመ ረጅም፣ ሽታው ከመምጣቱ በፊት የሚታወቅ፤ ቀኝ አዝማች ባርዳ፣ እንደ ወተት የነጣች፣ የጭቃ ሹሙን አጥር ሁለት ጊዜ ዘላ የገባች፤ ግራ አዝማች ሙራ ጥቁሯ፣ የቄሱንም የሼኩንም ካልሲ ከገመድ ላይ በእኩልነት የበላች፤ ደጃዝማች ላራ ዝንጉርጉሯ፣ ከማንም ጋር የማትስማማ፤ ቀንድ የሌላት አሮጊቷም ባትሪዋ አንገቷ ላይ ታስሮ ወደ ኋላ የዞረባት፣ ስለዚህም ያለፈችበትን መንገድ ብቻ የምታበራ፤ የቀሩትም አሥራ አራት፣ ስማቸው በናፊዬ ዘንድ የታወቀ። ድምር አሥራ ዘጠኝ።

ነገር ግን የአውራው ስም አሳፋሪ ሆነ። ሱልጣንን ድል የነሣን የጦር አለቃ ለማክበር በሚደረግ ሰልፍ ላይ ሱልጣን እንዴት ፊታውራሪ ይሆናል? ጭቃ ሹም ሰልማን መጥቶ፣ «ይኼ ፍየል ከዛሬ ጀምሮ ነጻነት ነው፤ ነጻነት በሉት!» ብሎ አወጀ። አምስት ቀን ሙሉ ካፕላን በዳቦ እያባበለ «ነጻነት፣ ና ነጻነት» ሲለው ከረመ። ፍየሉም ዳቦውን በላ፤ ስሙን ግን አልተቀበለም። ካፕላን እያየው ብዙ አሰበ። ራሱ ባልዲውን ያነሣው በአንድ ጥሪ ነበርና በፍየሉ ቀና።

በበዓሉ ዕለት የኅዳር ፀሐይ ልትገባ ጥቂት ሲቀራት፣ ካፕላን በተራራው ወገብ ላይ፣ ድሮ ለጠላት ተብሎ ተሠርቶ ጠላት ሳይመጣበት በቀረው የሲሚንቶ ምሽግ ላይ ወጣ። በራሱ ላይ የሞተር ብስክሌት ቆብ ደፍቶ ነበር፤ ቆቡን ነጭ ቀብቶ ሁለት የፍየል ቀንድ በማጣበቂያ ተክሎበታል። ከሥሩም ሹራቡን ለብሷል። ከታች በድልድዩ ላይ ሦስቱ መርማሪዎች፣ የእነርሱም ሊቀ መንበር ደብተር የያዘች መነጽራም ሴት፣ ቀይና ጥቁር ሰንደቅ የያዘ ሕዝብም ቆሞ ነበር። የቡሪሙ ጭቃ ሹም ፌሪትም አንድ ትሪ ሙሉ ቡሬክ፣ አይብ የተጋገረበት ትኩስ ቂጣ፣ ለመርማሪዎቹ ይዞ ቀርቧል። ፌሪት ጆሮው የደከመ ስለሆነ ስልኩ ሲያወራ መንደር ይሰማዋል። ከበስተኋላው የቡሪም መንደር በበዓል አምፖል አሸብርቆ እንደ ሠርግ ቤት ይታይ ነበር።

ካፕላንም ሲጨልም ባትሪዎቹን አንድ በአንድ አበራ፤ ከምሽጉ ሥር ያለውንም በረት ከፈተ። አሥራ ዘጠኝ መብራት በጭጋጉ ውስጥ ሲወርድ በድልድዩ ላይ መምህርት ቫልቦና እጇን በአፏ ላይ ጫነች። እንዲህ ያማረ ነገር በዚያች አገር አልታየም፤ ለመቶ ሃምሳ እርምጃ ያህል።

በመቶ ሃምሳኛው እርምጃ ላይ መንገዱ ሁለት ይሆናል። የቀኙ ወደ ድልድዩ ይወስዳል። የግራው ወደ ቡሪም፣ የቡሪምም ጥቅል ጎመን ወደሚበቅልበት። አውራው ቆመ፣ አየሩን አሸተተ፣ ወደ ግራ ዞረ።

«ነጻነት!» ብሎ ጮኸ ካፕላን። «ነጻነት! ነጻነት!»

በድልድዩ ላይ ያለው ሕዝብ የበዓል መፈክር መስሎት አጨበጨበ፤ «ነጻነት!» እያለም መለሰለት። ፍየሉ ግን ወደ ጎመኑ ሄደ፤ ሠራዊቱም ተከተለው። ካፕላንም የጎመኑን ማሳ አሰበ፣ የናፊዬን አዋጅ አሰበ፣ ሕዝቡም እየሰማው እንደሆነ አሰበ፤ ሌላ መንገድ ግን አላገኘም። ስለዚህ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ ተራራው እየመለሰለት፣ በታላቅ ድምፅ እንዲህ አለ፦

«ሱልጣን! ሱልጣኔ! እባክህ ተመለስ! በእግርህ ሥር እወድቃለሁ ሱልጣን!»

ጭብጨባው እንደተቆረጠ ክር ቀጥ አለ። ከስድስት መቶ ዓመት ገደማ ወዲህ በዚያ ተራራ ላይ እንዲህ ያለ ልመና ተሰምቶ አያውቅም። ፌሪትም ሆዱን ይዞ፣ «ሰማችሁ? ሱልጣኑን እየለመነ ነው! በግሪክ አገር ይኼን ነው ያስተማሩት? ማስረጃችሁ ይኼ ነው? በሉ ሰሌዳውን ስጡንና ቡሬኩ ሳይቀዘቅዝ እንብላ!» ብሎ አወጀ።

ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ ስልኩ ጮኸ። የሚስቱ ድምፅ ነበር፤ ድልድዩም ሁሉ ሰማው።

«ፌሪት! መጡብን! ከተራራው እየወረዱ ነው!»

«እነማን?»

«የመብራት ተቆጣጣሪዎቹ ነዋ! ባለፈው ወር ላይኛው መንደር እንደገቡት፣ ባትሪ ግንባራቸው ላይ አስረው! አሥራ አምስት ሃያ ይሆናሉ! ሽቦውን ላውርደው?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ፍየል ነው! ፍየል!»

«የማን ፍየል ነው ባትሪ የሚያበራ? ጠጥተሃል እንዴ? አንዱማ ጺም አለው፣ አለቃቸው መሰለኝ፣ በቀጥታ ወደኛ ቤት ነው የሚመጣው! አወረድኩት!»

በዚያች ቅጽበት የጭቃ ሹም ፌሪት ቤት ጨለመ። ቀጥሎ የጎረቤቱ። ቀጥሎ ዳቦ ቤቱ፣ ቀጥሎ የበዓሉ አምፖል ከነሰንሰለቱ። ሽቦውን ከምሰሶው ላይ በድብቅ ያልጠለፈ ቤት በቡሪም አልነበረምና፣ ሰዎች በመሰላልና በረጅም ዘንግ እየወጡ፣ እርስ በርሳቸው እየተጋጩ፣ መንጠቆውን ሁሉ ነቀሉት። ከድልድዩ ለሚያየው መንደሩ ከዳር ወደ ዳር እንደ ሻማ እፍ ተባለ። በመጨረሻ በቡሪም ምድር የሚበራው አሥራ ዘጠኝ ፍየል ብቻ ሆነ። ከእነርሱም አንዷ ወደ ኋላ ታበራ ነበር።

ሊቀ መንበሯ መነጽሯን ጠርጋ በደብተሯ ላይ ጻፈች።

ካፕላን ይህን ሁሉ አላወቀም። እየሮጠ፣ እየወደቀ፣ ከቆቡ አንዱ ቀንድ ተነቅሎበት ወደ ቡሪም ሲገባ ድፍን ጨለማ ገጠመው። በአንዲት ደጃፍ ላይ አንዲት አሮጊት እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው ቆመዋል፤ በአንዱ እጅ ሻማ፣ በሌላው አንድ ሳህን እርጎ ይዘዋል።

«ጌታዬ፣ እኛ ቤት መብራት የለም» አሉ። «ኖሮም አያውቅም። ቴሌቪዥኑ ለጌጥ ነው። በሞቴ እርጎ ቅመስ።»

«እማማ፣ እኔ ተቆጣጣሪ አይደለሁም። ፍየሎቼን ፍለጋ ነው የመጣሁት። ካፕላን ነኝ፣ ከሽከምብ።»

አሮጊቷ ሻማውን ወደ ፊቱ አስጠጉ። «ኮስታ! አንተ ነህ እንዴ? ልቤን አቆምከው እኮ! ቀንድ አብቅለህ ትመጣለህ?» እጃቸውንም አወረዱ። ይሁን እንጂ እርጎውን አልነጠቁትም፤ እርሱም ጠጣው፤ እየጠጣም በእርሱ ፊት የሰው እጅ ወደ ላይ ሲነሣ ይህ የመጀመሪያው መሆኑን አሰበ። ደስ አላለውም። «የጎመኑን እከፍላለሁ» አላቸው።

ሱልጣንን በስሙ ጠርቶ፣ ሠራዊቱን ሰብስቦ፣ አንዲት ግልገል በትከሻው ላይ አድርጎ በድልድዩ በታየ ጊዜ፣ ፌሪት ከኀፍረቱ የተነሣ ጉልበት አግኝቶ ነበር። «መጣ ግሪኩ!» አለ። «መጣ ኮስታ፣ ባለ ሁለት ስም! የእስክንድር በይን ታሪክ የሚያሳየን እስቲ ማን ነው? በባዕድ ስም ባልዲ ሲሸከም የኖረ ሰው!»

ካፕላን ራሱን ዝቅ አደረገ። የሽከምብም ሰዎች ይህን ስም ያስለመዱት ራሳቸው ነበሩና ወደ ወንዙ ተመለከቱ።

ያን ጊዜ መምህርት ቫልቦና ወደ ፊት ወጣች። ጆሮዋ ቀልቶ ነበር። «አቶ ፌሪት፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እስክንድር የሚለውን ስም ለእስክንድር በይ ማን አወጣለት?»

«ማን ያወጣለታል? አባቱ ነዋ!»

«አባቱ ያወጡለት ጊዮርጊስ የሚለውን ነው። እስክንድር ያሉት ቱርኮች ናቸው፤ ልጅ ሆኖ ወስደውት፣ በዚህ ስም ውትድርናቸውን አሠሩት። ከዚያ አገሩ ገብቶ በዚያው ባወጡለት ስም አይደል እንዴ ሃያ አምስት ዓመት የገረፋቸው? ስለ ፍየሉ ሰነድ የለኝም፤ ብዬአለሁ፣ አሁንም እላለሁ። ስለዚህኛው ግን ሰነድ አለኝ፤ ከፈለጉ ነገ ይዤ እመጣለሁ።»

ፌሪት አፉን ከፈተና ቡሬክ ጎረሰበት።

ጭቃ ሹም ሰልማን ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ አይቶ በድልድዩ ድንጋይ ላይ ወጣና፣ «ከዛሬ ጀምሮ ይህን ሰው ኮስታ ብሎ የጠራ በሽከምብ ራኪ አይቀዳለትም!» ብሎ አወጀ።

ካፕላን ግን ግልገሏን ከትከሻው አወረደ፤ እንዲህም አለ፦ «ተው ጭቃ ሹም። ኮስታን አትንኩብኝ። ሃያ ሁለት ዓመት መሰላል ላይ የቆመው እርሱ ነው። ቤቴን የሠራው፣ ልጄን ያስተማረው እርሱ ነው። እኔ አፍሬበት ስቀባበት ኖርኩ። ሁለታችንም ነን። እንደፈለጋችሁ ጥሩን፤ ብቻ ስትጠሩ አትሳቁ።»

ናፊዬ ከሕዝቡ መካከል ሆና ፍየሎቹን ትቆጥር ነበር። አሥራ ዘጠኝ ሆነው ባገኘቻቸው ጊዜ ወደ ባልዋ መጥታ የሹራቡን ኮሌታ አስተካከለችለት።

ሊቀ መንበሯም ፍርዷን አነበበች። «ፍየሎቹ የማን እንደነበሩ አልታወቀም። ሰዎችን ማሸሽ እንደሚችሉ ግን እኛው አይተናል። ሰሌዳው እዚሁ ድልድዩ ላይ ይተከል፤ አውቶቡሱም እዚሁ ይቁም። ስለ ቡሪም ሽቦ እኔ የታሪክ ሠራተኛ ነኝ፤ አልገባኝም፤ አላየሁም።» ሁለቱም መንደሮች ፍርዱን ረገሙ፤ ፍርድ መልካም የመሆኑ ምልክት ይህ ነውና። የናፊዬም አራት ኪሎ ሜትር ሁለት ሆነላት።

የፍየሎቹም ቁጥር ሳይውል ሳያድር ማደግ ጀመረ። በሳምንቱ ስልሳ ነበሩ። ለፈረንጆች አዲስ ዓመት ሦስት መቶ፣ ዛሬ ደግሞ ስምንት መቶ ደረሱ። ከሁሉ ይልቅ የሚያበዟቸውም የቡሪም ሰዎች ናቸው፤ ከስምንት መቶ ፊት መሸሽ ከአሥራ ዘጠኝ ፊት እንደ መሸሽ አያሳፍርምና። ጺማሙ አውራም እሳት ይተፋ ነበር የሚል ተነሥቷል። መምህርት ቫልቦና ይህን ሰምታ እንቅልፍ አጣች፤ የሆነውን ሁሉ በሁለት ገጽ ጻፈች፣ ሦስቱን መርማሪዎች አስፈረመች፣ ማኅተም አስመታችበት፣ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ በመስታወት ሰቀለችው። እነሆ ሰነዱ አለ። ተማሪዎቿም በየቀኑ ያነቡታል፤ አንብበውም፣ «ምስኪን መምህርታችን፣ ሰባት መቶ ሰማንያ አንዱን ሳታያቸው ቀረች» ይላሉ።

እንግዲህ ክብር ይሁን ለካፕላን ለኮስታ፣ ሞዓ ቡሪም፣ ዘእምነገደ ቀለም ቀቢ፣ አብራሄ ቀንድ፣ አጥፋኤ አምፖል፣ ደም ሳያፈስ እርጎ ለጠጣው፣ ፍየሎቹ የበሉትን ጎመን ለከፈለው። ነገሥታት በድንጋይ ላይ ስማቸውን አስቀርጸዋል፤ ዝናብም አጥቦታል። እርሱ ግን በነጩ መኪናው ጎን ላይ ሁለቱንም ስሞቹን በቀይ ዘይት ቀለም፣ ሁለት ጊዜ ደራርቦ፣ በመካከሉ አድርቆ፣ ራሱ ጽፏቸዋል፤ ዶሮዎቹም ከሥሩ ተኝተውበታል። እኛ የዚህ ዜና ጸሐፊ ሄደን በጥፍራችን ፍቀን ሞክረነዋል፤ አይለቅም።